«የለም» ያልኳት ሴት

የጥቅምት ውርጭ ነው፣ ደብረ ብርሃን፣ ሌሊት፤
ከመሬት ጽሕፈት ቤት፣ ከጓሮው ባለች ቤት፣
ትኩስ ነገር ቢኖር ሰርቨሩ ብቻ ነው፤
እጄን እንደ ምድጃ በሱ የማሞቀው።

ጥያቄ ይመጣል ከሞላሌ ማዶ፣
ከጣርማ በር አናት የጉሙን ግርዶሽ ቀዶ።
ደብዳቤ ነው ያው፣ ሌላ ተአምር የለው፤
ከጉዳዩ በፊት ራስጌ ነው ’ሚቀድመው፦
ለየትኛው ቤት ነው? ላኪው ማን ይባላል?
መልሱን በምን ልሳን ቢሰማ ይወዳል?
ተጠቅልሎ ይምጣ ወይስ ተዘርግቶ?
ትናንት ከወሰደው ተለውጧል ከቶ?

ስልክ ሁሉ ሲገባ ዘሩን ይቆጥራል፤
ሞዚላ ሳይሆን «ሞዚላ ነኝ» ይላል፤
ክሮምን ያነሣል፣ ሳፋሪን ይጠራል፤
እንደ ርስት ተሟጋች ሰባት ቤት ይወርዳል።
ይቁጠር፣ ምን ቸገረኝ።

ኩኪ ትባላለች፣ ቁራጭ ምልክት ናት፤
ስትሄድ አሲዤህ፣ ስትመለስ የማያት፤
እሷን የጣለ ሰው ሺህ ጊዜ ቢመጣ
እንግዳ ነው ለእኔ፣ ከጉም ውስጥ የወጣ።

«ከየት መጣህ?» ብሎ የሚጠይቀው መስመር
ጥንት ሲደነገግ አንድ ፊደል ቢቀር፣
የሚያርመው ጠፍቶ፣ ዓለም ተቀብሎት፣
ሕግ ሆኖ ይኖራል ያ የፊደል ግድፈት።
(እኔም ጋ አንድ አለ። እደርስበታለሁ።)

መልሱ ሦስት አኃዝ ነው። ሁለት መቶ፣ «ይኸው»።
ሦስት መቶ አንድ ሲሆን፣ «ቤት ለቋል፣ ከዚያ ነው»፤
ሦስት መቶ አራት ደግሞ ሽማግሌ ይመስላል፦
«የትናንቱ እኮ ነው፤ ከኪስህ አንብበው» ይላል።
ከአምስት መቶ ወዲያ ጥፋቱ የኔ ነው፤
መብራት ሲንገዳገድ፣ ዲስኩን ሲያቃስተው፣
ጠያቂ ምን ያድርግ? ታማሚው እኔው ነኝ።
የአራት መቶ ሰፈር ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።
አራት መቶ አንድ፣ «ማነህ? አላወቅሁህም»፤
አራት መቶ ሦስት፣ «አወቅሁህ፤ አይፈቀድም»፤
አራት መቶ አራት
«የለም»።

አለቃዬ ወንድይፍራው ሰኔ ላይ ጠራና፣
«‹አይፈቀድም› ማለት ‹አለ› ማለት ነውና፣
ለማይፈቀድለት ‹የለም› ይበል» አለኝ።
ብልሃት ነው፤ ከሌባ ያድናል፤ አሳመነኝ።
አንድ መስመር ጻፍኩ። ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ይፍቱሥራ ዘርጋው፣
ከሞላሌ በአይሱዙ ጋቢና የመጣችው፣
ስልኳን ከባናዋ ሥር አውጥታ ዘረጋች፦
«ያባቴን መዝገብ ‹የለም› አለኝ» አለች።
«ሦስት ጥማድ መሬት፣ ወሰኑ ላይ ጽዱ፣
የለም ከተባለ አባቴም አልተወለዱ።
ከልክሎኝ ቢሆን ዳኛ ፊት እቆማለሁ፤
‹የለም› ያለኝን ሰው በምን እከስሰዋለሁ?»

ሎጉን ገለጥኩት። ጥያቄዋ አለ፤
ቀኑ፣ ደቂቃው፣ ስልኩ የፎከረው፣ ያለ የሌለ፤
ቋንቋው አማርኛ፣ ራስጌዋ ሙሉ፤
ምንም አላጎደለች፣ ጠይቃለች በውሉ።
መዝገቡም ነበረ፣ ካርታው ከነቁጥሩ፣
የአጎቷ ልጅ እግድ ታትሞበት ከዳሩ።

ጎንበስ ብዬ «አለ» አልኳት፤ «ግን ላንቺ አይፈቀድም።»
ስከለክለው ሰው ሲያመሰግነኝ አይቼ አላውቅም።
«ተመስገን» አለች። ሁለት ጊዜ።

«ቁጥሩን ስጠኝ» አለች፣ «ዳኛው ቢጠይቀኝ»፤
ከመሳቢያዬ ውስጥ ወረቀት ቸገረኝ፤
መዳፏ ላይ ጻፍኩት፣ እስክሪብቶው እምቢ እያለኝ፣
ብርድ የሰነጠቀው፣ አፈር የለመደ እጅ ላይ፦
አራት መቶ ሦስት።

አሁን ስምንት ሰዓት ነው። ያቺ መስመር ፊቴ ናት።
ጣቴን ቢደነዝዘኝ ሰርቨሩን ነካሁት፤
ሞቋል።
ላጠፋት ነው። ወንድይፍራው ነገ ገብቶ ሲያጣት
ማን እንደ ሰረዛት መጠየቅ የለበት፤
ስሜ ራስጌው ላይ አለ።